ካርቶኑ ላይ ብቻ የተጻፈው

«አቶ አባስ፣ እርስዎ ሙስሊም ነዎት አይደል?»

ጠበቃው ምናለ ይህን ሲጠይቅ ላሊበላ ችሎት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቀና አለ...

«አልሐምዱሊላህ፣ ነኝ።»

«ሁዳዴን ይጾማሉ?»

«ኧረ እኔ አልጾምም።»

«ታዲያ ብስኩቱ ውስጥ ወተት ቢኖርበት እርስዎን ምን ጎዳዎት?»

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። አባስ ግን ምናለን ቀና ብለው አዩት።

መልሳቸውን ከመስማታችሁ በፊት አንድ ቀን ወደኋላ ልመልሳችሁ...

ምናለ የላሊበላ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ ሕግ ተምሮ፣ የአንድ ብስኩት ፋብሪካ ጠበቃ ሆኗል።

ፋብሪካውን የከሰሱት ባለሱቁ አባስ ናቸው። ምናለ በልጅነቱ «አያ አባስ» እያለ ከሳቸው ሱቅ ከረሜላ ይገዛ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። የብስኩቱ ማሸጊያ በትልቁ «የጾም» ይላል። የካርቶኑ ጎን ደግሞ ጉንዳን በሚያክል ፊደል «የወተት ዱቄት» ይላል።

ካርቶን የሚከፍተው ባለሱቅ ነው። ገዢ ካርቶን የት አይቶ...

ምናለን ግራ ያጋባው የአባስ ጥያቄ ነበር። ካሳ አልፈለጉም። «የጾም የሚለው ይፋቅ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይም በድምፅ ማጉያ ይነገር» ብቻ ነው ያሉት።

«ሰውዬው ስም ፈልገው ነው» ብሎ ደመደመ ምናለ።

እውነቱን ግን ያውቃል። የላብራቶሪው ውጤት ቦርሳው ውስጥ ነው... ብስኩቱ ወተት አለበት።

ከችሎቱ በፊት በነበረው ቀን፣ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከባጃጅ ወርዶ እናቱ ቤት ገባ። እናቱ ወይዘሮ እታገኘሁ ከቅዳሴ ተመልሰው የቀኑን የመጀመሪያ ምግብ ሊቀምሱ ተቀምጠዋል።

ጥርሳቸው ካለቀ ቆይቷል። አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድተው፣ ብስኩት እየነከሩ ይበላሉ።

ምናለ ማሸጊያውን ሲያይ ደነገጠ። ያው የፋብሪካው ብስኩት ነው...

«እማ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ከታችኛው ሱቅ ነዋ። አባስማ አልሸጥልሽም አለኝ። ወተት አለበት ይለኛል፣ እስቲ አሁን ምን ይባላል! ልጄ የሚሠራበት ፋብሪካ እኮ ነው፣ አትዋሽ አልኩት። ልጄ እያወቀ እናቱን በጾም ወተት ያበላል?»

ምናለ አፉን ከፈተ...

ነገ ክርክር አለ። ዛሬ እውነቱን ከነገራቸው፣ ያን ሁሉ ያዘጋጀውን ጥያቄ ነገ በምን አፉ ይጠይቃል?

«ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ» አላቸው።

እሳቸውም ነክረው በሉ። ሲጨርሱ አገላብጠው መረቁት።

አሁን ወደ ችሎቱ እንመለስ...

«እኔን እንኳ አልጎዳኝም» አሉ አባስ። «ግን አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ጥርስ የላትም፤ ጾሙን የምትገፋው በዚሁ ብስኩት ነው። ወላሂ፣ ከኔ እጅ ነው ስትበላ የኖረችው። ካርቶኑን ያነበብኩ ዕለት ነገርኳት። አላመነችኝም።»

«ለምን አላመኑዎትም?» አሉ ዳኛዋ።

አባስ ወደ ምናለ አዩና ዓይናቸውን መለሱ።

«ከኔ አብልጣ የምታምነው ሰው አላት። በሱ ልቧ እንዲሻክር አልፈለግሁም። ማንበብ ደግሞ አትችልም። ገበያ መሀል በመንግሥት ቃል ቢነገር ትሰማለች ብዬ ነው።»

«ስማቸው ማን ነው?»

«ስሟስ ይቅር ክብርት ዳኛ። ልጅ አላት።»

ምናለ ገና ስድስት ጥያቄ ይቀረው ነበር። ወረቀቱን አጠፈና ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት... ሴትዮዋ እናቴ ናቸው። ከዚህ ጉዳይ ራሴን አግልያለሁ።»

የዚያኑ ዕለት እናቱ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ገብተው የብስኩቱን ማሸጊያ ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን ይዞ ሁሉንም ነገራቸው።

ወይዘሮ እታገኘሁ ብስኩቱን ሳይከፍቱ መልሰው አስቀመጡት...

«ሳላውቅ የበላሁትን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ትናንት እዚሁ ፊትህ ስበላ ግን... አንተ ታውቅ ነበር?»

ምናለ አንገቱን ደፋ።

«አውቅ ነበር እማ።»

እናቱ አልተቆጡም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ነጠላቸውን አነሡና «በል ተነሥ፣ አባስ ዘንድ ውሰደኝ» አሉት። «ያን ሰው በሰው ፊት ውሸታም ብዬዋለሁ።»

አባስ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው በርጩማ አወጡ። ይቅርታ የምትለዋን ቃል እንኳ አላስጨረሷቸውም።

«ተይው እታገኘሁ፣ አረፍ በይ» ብለው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ፌስታል ሳቡ። ውስጡ የገብስ በሶ ነበር።

«ከሙጃ ከተማ ነው ያስመጣሁት። ጥርስ አይፈልግም። ብስኩቱን አልሸጥልሽም ያልኩሽ ሰሞን ነው ያስቀመጥኩልሽ፤ ተቆጥተሽ ሄድሽ እንጂ...»

ፌስታሉ ላይ ምንም አልተጻፈበትም።

ምናለ ደጃፉ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

ክሱ ገና አላለቀም፤ ፋብሪካው ሌላ ጠበቃ ልኳል። አባስም ቀጠሮ ባለ ቁጥር ሱቃቸውን ዘግተው ይሄዳሉ።

ወዳጆቼ፣ ማሸጊያው የዋሸው የማያውቃቸውን እናት ነው። ልጃቸው ግን እያወቀ ዝም አለ፤ እሳቸውን የጎዳቸውም ይሄኛው ነው። ለሚያምነን ሰው የምናውቀውን እውነት ከደበቅን፣ እኛም ካርቶኑ ላይ በጥቃቅን ፊደል ከጻፈው ፋብሪካ አንለይም።

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ... ሥራችሁ በአንድ በኩል፣ የእናታችሁ ሻይ በሌላ በኩል ቢሆን፣ እናንተ ያን ብስኩት ከእጃቸው ትቀበሏቸው ነበር?