ሴት የተፈለገችበት ቲያትር ቤት

በጥንቷ ጃፓን በኢዶ ከተማ የቲያትርን ሕግ ያወጣው መንግሥት ሳይሆን ብልግና ነው ይባል ነበር። መጀመሪያ ሴቶች መድረክ ላይ ሲጨፍሩ ሳሙራይ የሚባሉት ጦረኞች በእነሱ የተነሳ ሰይፍ ተማዘዙ፤ ሴቶች ተከለከሉ። ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ተተኩ፤ ሳሙራዮቹ ለእነሱም ሰይፍ ተማዘዙ። ወንዶቹ ፀጉራቸውን ከፊት እንዲላጩ ታዘዘ። የተላጨውን በሐምራዊ ጨርቅ ሸፈኑት፤ ከዚያ ወዲህ የከተማው ጌቶች ጨርቁን እያዩ ያቃስቱ ጀመር።

ተቆጣጣሪው ሃንቤ ይህን ሁሉ ያውቃል። በዚያ በረዶ በጣለበት ቀን ግን ለሳቅ አልመጣም። በጌንሺቺ ቲያትር ቤት ከተዋንያኑ መካከል ሴት አለች የሚል ጥቆማ ደርሶታል። እውነት ከሆነ ቤቱ ይዘጋል፣ ባለቤቱ ወደ ደሴት ይጋዛል፣ ተዋንያኑም ጎዳና ላይ ይወድቃሉ።

«ሴት?» አለ ጌንሺቺ ላቡን እየጠረገ። «ጌታዬ፣ እኔ እቤቴ ያለችውም በዝታብኛለች!»

ሃንቤ አልሳቀም። ዓይኑ ኪኩኖጆ ላይ ነበር። ኪኩኖጆ ሴት ሆኖ የሚጫወት ተዋናይ ነው። ከመድረክ ውጭም ቀሚሱን አያወልቅም፤ ሲስቅ አፉን በእጅጌው ይሸፍናል።

«ከዚህች እንጀምር» አለ ሃንቤ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ።

«ቀስ ይበሉ ጌታዬ፣ እጅዎ እኮ በረዶ ነው!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ውጭ የቆሙት ተዋንያን በሳቅ ፈረሱ። ሃንቤ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ።

«ወንድ ነው።»

«አይክፋዎት» አለ ኪኩኖጆ መቀነቱን እያሰረ። «ሚስቴም መጀመሪያ ላይ እንደ እርስዎ ነበረች። ፈትሻ ነው ያመነችው።»

ሃንቤ ሴት ሆነው የሚጫወቱትን የቀሩትንም አየ። ሁሉም ወንዶች ናቸው።

ጥግ ላይ አንድ ሰው ለብቻው ተቀምጧል። የቤቱ ኮከብ ኢዋጎሮ ነው፤ መድረክ ላይ ደም የጠማው ጦረኛ ሆኖ የሚያገሳው። ፊቱ በቀይና በጥቁር ቀለም እንደተዥጎረጎረ፣ ጥጥ የታጨቀበትን ካባ እንደደረበ የተቀደደ እጅጌውን ይሰፋል። ስፌቱ ደቃቅ ነው።

«እሱን እንኳ ይተዉት ጌታዬ» አለ ጌንሺቺ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዘንድሮ በመከር ባልና ሚስቱን ትኩሳት ጣላቸው። ሚስቱን ኦታኬን ቀበርናት። እሱ ታምሞ በቀረ ሰሞን አዳራሹ ባዶ ነበር፤ ሰው የሚመጣው እሱን ብሎ ነው። አሁን ከመድረክ ሲወርድ ቃል አይወጣውም። ቀለሙንም ሰው ፊት አያጥብም።»

«ሐዘኑ አኮማትሮታል» አለ ኪኩኖጆ። «የእንጨት ጫማውን ከፍ አስደረግንለት። እሷም ብትሆን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጭብጥ የማትሞላ ሴት ነበረች። ሣጥኗን ለአራት ተሸክመን ግን ወገባችን ተቆረጠ። ሐዘን መቼም ይከብዳል።»

ሃንቤም ሚስት ቀብሯል። ባዶ ቤት ገብቶ የአንድ ሰው ሩዝ መቀቀል ምን እንደሆነ ያውቃል።

«ያጽናህ ወንድሜ» አለው።

ኢዋጎሮ መርፌውን አስቀምጦ እጅ ነሳ።

ከሰዓት በኋላ ጦረኛው መድረክ ላይ የወደቀ ወንድሙን አቅፎ ሲያገሳ አዳራሹ ስሙን እየጠራ ጮኸ። ሃንቤ አለቀሰ። እንዲህ ያለ ለቅሶ ከዚህ በፊት ከወንድ አልሰማም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ለሚስቱ ሊጸልይ ወደተቀበረችበት ቤተ መቅደስ ግቢ ሄደ። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከኦታኬ መቃብር ፊት፣ ኢዋጎሮ ካባውን እንደደረበ ተንበርክኳል። ከድንጋዩ ላይ በረዶውን በእጁ ይጠርጋል። ሃንቤ ሊያጽናናው ከጀርባው ጠጋ አለ።

«ባሌ» አለች ካባውን የደረበችው ኦታኬ፣ የራሷ ስም የተቀረጸበትን ድንጋይ አቅፋ፣ «ዛሬም ስምህን ጠሩልህ።»