መጥበሻው የሚሟሽበት

ምራታቸው አዲሱን የብረት መጥበሻ ጥዳ እስኪግል ስትጠብቅ፣ ወይዘሮ ውድነሽ ዓይናቸውን ከእጇ አልነቀሉም። በስተቀኟ እሳቸው ራሳቸው ከሚኖሩበት ከዲክሲስ ተሸክመው ያመጡት ለጋ ቅቤ፣ በስተግራዋ ደግሞ አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት ተቀምጧል። ልጃቸው ብቻቸውን ከሚሆኑ እዚሁ አሰላ እንዲቀሩ ለምኗቸው ነበር። ምራታቸው ግን ስለ ነገሩ ትንፍሽ ስላላለች፣ ጓዛቸውን ቋጥረው በሩ ሥር አስቀምጠውታል።

የምራታቸው እጅ ቅቤውን አልፎ ጠርሙሱን አነሳ። ጨርቅ በዘይቱ ነክራ የጋለውን ብረት ማሸት ጀመረች።

“ቅቤዬን ተጠየፍሽው?” አሉ ወይዘሮ ውድነሽ።

“ኧረ እማማ፣ ቅቤውማ ለነገ ቅበላ ነው” አለች ቀና ሳትል። “ብረት መጀመሪያ የጠጣውን ቶሎ አይለቅም። አሁን በቅቤ ካሟሸሁት፣ ከነገ ወዲያ ሁዳዴ ሲገባ ለእርስዎ በምን ላበስል ነው?”

ወይዘሮ ውድነሽ ወደ በሩ ሄደው ጓዛቸውን ፈቱና አሮጌ መቀነት አውጥተው ለሁለት ቀደዱት።

“ያ ጨርቅሽ ክር ይተዋል፤ በዚህ እሺው” አሉና አንዱን ሰጥተዋት፣ ሌላውን ይዘው አጠገቧ ተቀመጡ።