ንጹሕ ሆኖ የተላቀቀው

ማሽኑ የተጣበቁትን ሁለት የአሉሚኒየም ቁራጮች ከጫፋቸው ይዞ፣ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች ይስባቸዋል። በመካከላቸው ባለው የማጣበቂያ መስመር ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይሄዳል። ባለሙያዋ ዓይኗን ተክላበታለች።

የታላቅ ወንድሟ ሰው ሠራሽ እግር የተጋጠመው በዚሁ ማጣበቂያ ነው፤ ከእነዚህ ቁራጮች ጋር በአንድ ቀን፣ በእሷው እጅ። ስንጥቁ እየታገለ፣ በግድ እየተንፏቀቀ ከሄደ እግሩ ያስተማምናል። ካልሆነ ግን...

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

"እታለም! አልበሰለም እንዴ?"

"ወንድም ጋሼ፣ ትንሽ ታገሥ። እግሩን እንዳታጠልቀው ብያለሁ!"

"በክራንች ስንፏቀቅ የከረምኩ ሰውዬ ትዕግሥት ልትሰብኪኝ ነው?"

ስንጥቁ ቆመ። ማሽኑ የሚስብበትን ኃይል የሚያሳየው ቁጥር ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ያዘልኝ ብላ ልትተነፍስ ስትል ቋ! አለና ቁራጮቹ ባንዴ ተላቀቁ።

አንስታ አገላበጠቻቸው። ማጣበቂያው ሁሉ አንደኛው ላይ ቀርቷል፤ ሌላው እንደተላሰ ሳህን ንጹሕ ነው። ክው አለች። ደህና የያዘ ማጣበቂያ ሲሸነፍ እንኳ ከመሃሉ ይቀደዳል፤ በሁለቱም ፊት ላይ ይቀራል። ይሄኛው ብረቱን ጭራሽ አልጨበጠውም። ስታጸዳው ቅባት ቀርቶባት ኖሯል። እግሩስ ላይ?

ያን ጊዜ ነው የኮሪደሩ ዝምታ የተሰማት።

"ወንድም ጋሼ?"

በሩን በርግዳ ወጣች። አግዳሚው ላይ ክራንቹ ብቻ ተጋድሟል።

"እዚህ ነኝ! ነይ እዪኝማ!"

ከኮሪደሩ በሚወርደው ደረጃ አጋማሽ ላይ፣ አዲሱን እግር አጥልቆ ቆሟል። መደገፊያውን ለቆ፣ ሁለት እጁን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል።

"እንዳትንቀሳቀስ!"

"ምን ሆነሻል? በስንት ጊዜዬ ብቆም..."

እየሮጠች ወርዳ ትከሻዋን ብብቱ ሥር አስገባች፤ ወገቡን ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

"ክብደትህን እኔ ላይ ጣል።"

"በረታሁ እኮ፣ እታለም።"

"አንተማ በርትተሃል። ያልበረታው የኔ ሥራ ነው።"

ዘወር ብሎ አያት። ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ወረደ።

"እንደገና ትሠሪዋለሽ?" አላት በመጨረሻ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ከሥሩ ጀምሬ።"

በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ጣለባት። እሷም እግሯን አስፍታ ተሸከመችው። ለዛሬ ብሎ የወለወለው ጫማ ከአዲሱ እግር ጋር ከደረጃው ተነሥቶ፣ መሬት ሳይነካ አየር ላይ ቀረ።