ሰሌዳው ላይ ያለው ፊት

በነጭ ጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዛ በርጩማ ላይ ወጣችና የአብዮቱን የቅስቀሳ ሰሌዳ ቀና ብላ አየች። ከልደታ ወደ ሜክሲኮ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጠመንጃ አንግቶ የተሳለው ወታደር የልጇ ፊት ነበረው። ሰዓሊው ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ከተሰቀለው የልጇ ፎቶ ገልብጦት ነው። አምና «ፀረ አብዮት» ብለው የገደሉት፣ እሷንም እንዳታለቅስ የከለከሏት ሰዎች፣ አሁን ደግሞ መልኩን ወስደው ለወታደራቸው ሰጡት። ጠርጋ ልታጠፋው ነበር የመጣችው።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አላት ከኋላዋ የደረሰ አብዮት ጠባቂ።

ወደ እሱ ዞር አለች። «አቧራ ለብሶ ባየው፣ ላጽዳው ብዬ ነው ልጄ።»

የጠባቂው ፊት ፈታ አለ። እንዳትወድቅ ብሎ ጎንበስ አለና በርጩማውን ያዘላት። ጨርቁን ወደ ልጇ ጉንጭ ሰደደች፤ እጇ ግን እምቢ አላት። በነጠላዋ ጫፍ ግንባሩን፣ ቀጥሎም ቅንድቡን ቀስ አድርጋ ጠረገችለት። ያኔ እንባዋ ወረደ።

«ምን ሆኑ?»

«ጋዙ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

«አይዞዎት፣ ይለቅዎታል» አለና በርጩማውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እሷም ልጇ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች።