ጠርዝ የሌላት ኪሽ

«ራበኝ!» አለ ባልየው ከመኝታ ቤት።

ሚስቱ ሳሎን ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያዋን ነቅላ ጆሮዋን ቀሰረች። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሾርባውን በማንኪያ ሲያማስል ቆይቶ የሚመልስ፣ «ቅመስልኝ» ሲሉት «በኋላ» የሚል ሰው፣ ዛሬ በራሱ አፍ ራበኝ አለ?

«ምን አልክ?»

«ራበኝ አልኩሽ! ጆሮሽ ተደፈነ እንዴ? ኪሽ አማረኝ።»

ቁጣው እንደ ምርቃት ጣፈጣት። ከደስታዋ ብዛት እጅ እግሯ ተያያዘ፤ ወደ ጓዳ እገባለሁ ብላ በረንዳ ወጥታ ተመለሰች።

ኪሽ የእሱ ሙያ ነበረች። ዳቦ ቤት ሲሠራ ዱቄቱን በቅቤ ያሽና ሊጡን እንደ ሳህን ዘርግቶ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቺዝ ሞልቶ ይጋግራታል። ቤት ሲበሏት ደግሞ ደንብ ነበራቸው፤ ለስላሳው መሃል የእሱ፣ የሚንኮሻኮሸው ጠርዝ የእሷ። ጠርዙን በእጁ ሰብሮ ሳህኗ ላይ ሳያስቀምጥላት አንድ ጉርሻ አይቀምስም። አሁን ግን ልቡን ታሟል፤ ሐኪሙም ቅቤ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳይገባ ብሏል።

ሱቅ ደርሳ እስክትመለስ ረሃቡ ቢያልፍስ? ረሃብ እንዲህ የሚለመን እንግዳ ይሆናል ብሎ ማን አሰበ! ጓዳዋን በረበረችው። ጥቂት እንቁላል፣ የዱቄት ወተት፣ አንድ ጣሳ በቆሎ፣ ቡቃያ ያወጣ ሽንኩርት፤ ፍሪጁ ጥግ ላይ ደግሞ የተረሳች ደረቅ ቺዝ። በቃ፣ ሊጡ ይቅር።

ሽንኩርቱን በጠብታ ዘይት አቁላልታ፣ ወተቱን በጥብጣ ከእንቁላሉ ጋር መታችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ጣሳውን ስትከፍት ግማሹ በቆሎ ወለሉ ላይ ተበተነ። የምትለቅምበት ጊዜ ግን አልነበራትም። የተረፈውን ጨምራ፣ ቺዟን ፈቅፍቃ ከላይ ነሰነሰችና መጋገሪያውን ኦቭን ውስጥ ከተተችው።

«ድንቄም ኪሽ! ራቁቷን አስገባሻት?»

ዘወር ስትል በሩ ላይ ቆሟል። ግድግዳውን ተደግፎ፣ ፒጃማው ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ግን በገዛ እግሩ ቆሟል።

«ቀሚሷን ሐኪሙ ገፈፋት» አለችው፣ ልቧ እየዘለለ። «አንተ ሰውዬ፣ ማን ተነስ አለህ?»

«ሽንኩርቱ ጠራኝ።»

ወንበር ስቦ የኦቭኑ መስታወት ፊት ተቀመጠ። «እንዳትከፍቺው! ቆይ… ዳር ዳሯ ይነሳ… መሃሏ ትንሽ ይርገፍገፍ… አሁን! አውጫት!» የድሮው የዳቦ ቤት ድምፁ ነው፣ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው። እሷም እንደ አዲስ ተቀጣሪ እየተጣደፈች ታዘዘችው። እንዲህ ሲጮህባት ደስ ብሏት አያውቅም።

ጠረጴዛው ላይ ስታኖርለት በለመደው እጁ መጋገሪያውን አንኳኳ። የዳቦ ሰው መብሰሉን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

«ድምፅ የላትም» አለ። «ጠርዟስ?»

«ሊጥ የለማ። ያለ ቅቤ ምን ጠርዝ አለ?»

ሹካውን አስቀመጠ። እሷም ልቧ ስንጥቅ አለ። አለቀ፣ ረሃቡ ሄደ፣ ለዚህ ነው የዘለልኩት፣ አለች በሆዷ።

እሱ ግን ቢላዋ አነሳ። የመጋገሪያውን ዙሪያ ቀስ ብሎ ፋቀው። ቺዟ ብረቱ ላይ ተጣብቃ ቡናማ ሆና ደርቃለች፤ እንዳትሰበርበት እየተጠነቀቀ፣ አንዲት ቀጭን ጥብጣብ አወጣና የሚስቱ ሳህን ላይ አኖራት።

«እንኪ፣ ድርሻሽን» አለ። «በይ አሁን ቁረጪልኝ። ከመሃል፣ ትልቅ አድርገሽ።»

ቆረጠችለት። ከዚያ የራሷን አነሳችና ነከሰቻት፤ ጥርሷ ሥር ኮሽ አለች። ያን ድምፅ ሰምቶ ሳቀ፣ አፉ በእንቁላል እንደተሞላ።