የማሳው ደረሰኝ

ሌንሳ ኤምባሲው የተማሪ ቪዛ የከለከለበትን ደብዳቤ ለአባቷ በአማርኛ አነበበችላቸው። «ትምህርትሽን ስትጨርሺ ወደ አገርሽ እንደምትመለሺ አላሳመንሽንም» ይላል። አባቷ ተነስተው ከአልጋ ስር የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ጎተቱና አንድ የወየበ ወረቀት አውጥተው ፓስፖርቷ ላይ አኖሩት። የድሮው የጤፍ ማሳቸው የግብር ደረሰኝ ነበር።

«ይቺንም ጨምሪላቸው። መሬት ያለው ሰው የት ይቀራል?»

ሌንሳ ወረቀቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ጭድ ጭድ ይሸት ነበር። ልጅ ሳለች ኅዳር ላይ ከጤፉ ክምር ተንሸራታ ስትወርድ፣ አባቷ ሊቆጧት ጀምረው ሳቅ ሲያመልጣቸው ትዝ አላት።

«አባባ፣ ማሳው የት ነው ቢሉኝስ?»

አባቷ የሦስተኛ ፎቅ ቤታቸውን ወለል በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። «ከኮንዶሚኒየሙ ስር ነው በያቸው። እኛም እስከ ዛሬ ከላዩ አልወረድንም።»