የሩብ ሰዓት መንገድ

ሾፌሩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርስ የብረት አጥሩን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግዳ ጭኖ እስከዚህ ቋጥኝ ግርጌ ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊቱ ወዳለው መመልከቻ ሽቅብ ወጥቶ አያውቅም። መኪናውን ለማን ጥሎ? ሚስቱንም «አንድ ቀን እወስድሻለሁ» እያለ፣ ዛሬ ነገ ሲል ዘመኑ አለቀ። አሁን ጡረተኛ ነው፤ በአውቶቡስ፣ እንደ ሰው ተሳፍሮ፣ ይዟት መጣ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ እጁ ኪሱን ዳብሶ የሌለ ቁልፍ ፈለገ።

«በቃ ይኼው ነው?» አለች ሚስቱ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «የሩብ ሰዓት መንገድ ነው እኮ!»

ወደ ቋጥኙ ዞረ። ከታች ሲያየው የኖረው ቋጥኝ አንድ ወጥ ነበር፤ ለእንግዶቹም «አንድ ድንጋይ ነው» እያለ ሲምል ሲገዘት ኖሯል። ከዚህ ላይ ሲታይ ግን ሁለት ነው፤ ጎን ለጎን የቆሙ፣ በመሃላቸው ሰማይ የሚታይ፣ የማይነካኩ ሁለት ቋጥኞች። ዓይኑን ወደ መኪና ማቆሚያው መለሰ። እዚያ አንድ ሾፌር ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሞ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል።

«ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ታች ምን ትሠራ ነበር?» አለችው።

«እጠብቅ ነበር።»

ሚስቱ አጥሩን ተደግፋ ጫማዋን አወለቀች፤ የገባባትን ጠጠር ቀስ ብላ አራገፈች።

«እኔም» አለች።